የመናዊ ጎረቤትህን ሰው ሲያንገላታው ምን ታደርጋለህ?

ድሬዳዋ ላይ ዓረብ መጤ አይደለም። ከተማዋ ከባቡሩ ጋር ስትቆረቆር ጀምሮ የየመን ነጋዴዎች አብረው ኖረዋል፤ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጦርነት ወዲህ ሸሽተው የመጡም አሉ። ስለዚህ መጋላ ሰፈር ላይ አንዱ «ወደ አገርህ ሂድ» እያለ ሲጮህበት ካየህ ዝም ብለህ እንዳታልፍ።

መጀመሪያ ወደ ተሰዳቢው ሂድ፣ ከተሳዳቢው ጋር አትጋጠም። አጠገቡ ቁም፣ ሰላም በለው፣ «አብሽር፣ አብረን ነን» በለው። ይሄ ብቻ ነገሩን ሊያበርደው ይችላል። ድንጋይ ወይም ዱላ ከተነሳ ግን ተሰዳቢውን ይዘህ ገለል በል፣ ፖሊስ ጥራ።

ማስረጃው ላይ አትቸኩል፣ ጉዳዩ የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው። ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ የተባለውን ቃል እንዳለ ጻፍ። ያዩትን ሰዎች ስልክ ተቀበል። ቪዲዮ ከቀረጽክ ለፖሊስ ስጥ፣ የተጎጂውን ፊት ግን ፌስቡክ ላይ እንዳትለጥፍ፣ ለሌላ ጥቃት ታጋልጠዋለህ። ስድቡ ኦንላይን ከሆነ ሳይጠፋ ከነአካውንቱ ስም ስክሪንሾት አንሳ። ከተጎዳ ሕክምና ይቅደም፤ የሐኪም ማስረጃ መቀበል አትርሱ።

አዋጅ 1185/2012 የጥላቻ ንግግርን እስከ 2 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር ያስቀጣል። በንግግሩ ምክንያት ጥቃት ከደረሰ እስራቱ ከ1 እስከ 5 ዓመት ነው። ይህን ለፖሊስ ስታመለክቱ ጥቀሱት።

ስደተኛ ከሆነ ጣቢያ መግባት ሊፈራ ይችላል፣ አማርኛም ላይችል ይችላል። ዓረብኛ የሚችል ሰው ፈልግና አብራችሁት ሂዱ፤ የስደተኛ መታወቂያውንም ይያዝ።