«ሪስታርት አድርገነዋል፤ ችግሩ ምን ነበር?»

ሰርቨር ሲበላሽ በሚደወልበት የቴክኒክ ድጋፍ ክፍል ዛሬ ስልክ የማነሳው እኔ ነኝ፤ ድሮ የምደውለው እኔ ነበርኩ። ስለዚህ ከዚህ በታች ካሉት ስህተቶች አብዛኞቹን ራሴ ሠርቻቸዋለሁ። የመጀመሪያውን ግን አሁንም በየሳምንቱ ስሰማው ደሜ ይፈላል።

መረጃ ሳይሰበስቡ ሪስታርት ማድረግ

ሰርቨሩ ቀጥ ይላል። ተጠቃሚው ይጮኻል፣ አለቃ መጥቶ አጠገብ ይቆማል፣ እጅ ወደ ሪስታርት ይሄዳል። ሰርቨሩ ሲነሳ ሁሉም እፎይ ይላል። ከዚያ ቲኬት (የችግር ማመልከቻ) ይከፈታል፦ «ቆሞ ነበር፣ ሪስታርት አድርገን ተስተካክሏል፣ ምክንያቱ ተጣርቶ ይገለጽልን።» በምን ላጣራው? ሌባ የገባበትን ቤት ጠርጎና ወልውሎ ከጨረሱ በኋላ ዱካውን ፈልግልን ማለት እኮ ነው!

ሪስታርት ምን ምን እንደሚያጠፋ ልቁጠርልዎ። የትኛው ፕሮሰስ (እየሠራ ያለ ፕሮግራም) ምን እየጠበቀ እንደነበር ይጠፋል። ተከፍተው የነበሩት የኔትወርክ ግንኙነቶች ይጠፋሉ። የከርነል (የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) መልዕክቶች ያሉት ሚሞሪ ላይ ነው፤ ወደ ዲስክ ሳይጻፉ ከቀሩ አብረው ይሄዳሉ። «የሲስተምዲ ጆርናል አለን» የሚሉኝም አሉ፤ ሊኑክስ የተባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም መልዕክቶቹን የሚመዘግብበት ማለታቸው ነው። ጆርናሉ ግን እንደ ሴቲንጉ ሚሞሪ ላይ ብቻ ሊቀመጥ ይችላል፤ ቀድመው ካላረጋገጡ ያልነበረ ነገር ላይ ተማምነዋል ማለት ነው።

እኔ ራሴ አንድ የዳታቤዝ ሰርቨር በየጥቂት ሌሊቱ እየተነሳሁ ሪስታርት ሳደርግ ሦስት ሳምንት ያህል ከርሜአለሁ። በመጨረሻ ተረኛ የሆነው ባልደረባዬ ከእኔ የረጋ ሰው ነበር፤ እጁን ሰብስቦ አምስት ደቂቃ አየው። ሎድ አቬሬጁ (የሥራ ጫናው መለኪያ) ከ90 አልፏል፣ ሲፒዩው ግን ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል። በሊኑክስ ሎድ አቬሬጅ የሚቆጥረው ሲፒዩ የሚጠብቁትን ብቻ አይደለም፤ ከዲስክ ወይም ከኔትወርክ ስቶሬጅ መልስ እየጠበቁ የደረቁትንም ይቆጥራል። የፕሮሰሶቹን ዝርዝር ሲያወጣ የሁኔታ ዓምዱ ላይ «ዲ» የምትል ፊደል ከላይ እስከ ታች ተደርድራለች። ሁሉም የሚጠብቁት በኤንኤፍኤስ (ፋይልን በኔትወርክ የመጋሪያ ዘዴ) የተገናኘ፣ ሌላ ማሽን ላይ ያለ አንድ የባክአፕ ፎልደር ነበር፤ ዳታቤዙም የራሱን ሎግ (የሥራ መዝገብ) ወደዚያው ስለሚገለብጥ አብሮ ቆሟል። ሦስት ሳምንት ሙሉ የዳታቤዙን አቅራቢ ስጨቀጭቅ የከረምኩት እኔ ነኝ።

ሥራ ቢቆምም አምስት ደቂቃ ይገኛል። የቶፕን (የፕሮሰሶችን ጫና የሚያሳየው ኮማንድ) ውጤት፣ የፕሮሰሶችን ዝርዝር ከነሁኔታቸው፣ የሚሞሪና የዲስክ ይዞታን፣ የከርነል መልዕክቶችንና የተከፈቱ ግንኙነቶችን ፋይል ውስጥ ይጻፉ፤ ፋይሉን ወዲያው ወደ ሌላ ማሽን ይቅዱት። ይህን የሚሠራ ስክሪፕት ዛሬ፣ ሰላም ሳለ ያዘጋጁ፤ በሌሊት ከእንቅልፍ ተቀስቅሶ የኮማንድ ኦፕሽን የሚያስታውስ ሰው አላየሁም። ቨርቹዋል ማሽን ከሆነ ሚሞሪውን ጨምሮ ስናፕሾት (የዚያን ቅጽበት ቅጂ) ይውሰዱ። ሰርቨሩ ኪቦርድም አልቀበል ካለ የኮንሶሉን ስክሪን በስልክዎ ፎቶ ያንሱት።

ሌላውን ሁሉ በፎቶ መላክ

ፎቶ የሚያስፈልገው እላይ ባልኩት ቦታ ብቻ ነው። ሎግ ጽሑፍ ነው፤ በጽሑፍነቱ ይላክ። ከዊንዶውስ ሰርቨር ከሆነ ደግሞ ኢቨንት ሎጉን በራሱ ፎርማት ያስቀምጡት።

«ስሎው ሆኗል»

ከምን አንጻር? ትናንት በ2 ሰከንድ ይከፈት የነበረው ገጽ ዛሬ 40 ሰከንድ ይፈጃል ካሉኝ ሥራ ጀመርኩ። ሁሉም ተጠቃሚ ላይ ነው ወይስ አንድ ክፍል ላይ? ሰርቨሩ ላይ ሆነው ሲሞክሩትስ? እነዚህን ሳይመልሱ የተከፈተ ቲኬት የመጀመሪያ ቀኑን በጥያቄና መልስ ይጨርሰዋል።

ሰዓት አለመጻፍ

«ጠዋት አካባቢ» ሰዓት አይደለም። የአፕሊኬሽኑ ሎግ በአካባቢ ሰዓት፣ የሲስተሙ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት) ሊጻፍ ይችላል፤ የሰርቨሩ ማኔጅመንት ቺፕ ደግሞ ማንም አስተካክሎለት የማያውቅ የራሱ ሰዓት ይኖረዋል። መረጃ ሲሰበስቡ የእያንዳንዱን ሰዓት በዚያችው ቅጽበት መዝግበው ይላኩ፤ ልዩነቱን እኛ እናሰላዋለን። ሰዓት የሌለው 10 ጊጋባይት ሎግ መላክ ምንም ካለመላክ ብዙም አይሻልም።

«ኤረር» የሚለውን መስመር ብቻ ቆርጦ መላክ

ጀማሪዎች ይህን የሚያደርጉት ሥራ ሊያቀሉልኝ ብለው ነው፤ ስለዚህ አልቆጣም። ነገር ግን መንስኤው አብዛኛውን ጊዜ ያለው ከኤረሩ በፊት ባሉት፣ ምንም በማይመስሉት መስመሮች ውስጥ ነው። አንዳንዴም ጭራሽ እዚያ ሎግ ውስጥ የለም። ሊኑክስ ሚሞሪ ሲያልቅበት ከርነሉ አንድ ፕሮሰስ መርጦ በሲግናል 9 (በአስገዳጅ የማቆሚያ ትዕዛዝ) ይገድላል። ይህን ሲግናል ፕሮሰሱ ሊይዘው አይችልም፤ ድንገት የሞተ ሰው እንደማይናዘዝ ሁሉ እሱም በራሱ ሎግ ላይ አንዲት መስመር ሳይጽፍ ያልፋል። አሟሟቱ የተጻፈው ከርነሉ ዘንድ ነው። ከችግሩ በፊትና በኋላ ቢያንስ የግማሽ ሰዓቱን፣ ከሁሉም ሎግ ሳይቆርጡ ይላኩ።

«ዲስኩ ቦታ አለው» ብሎ መማል

ጊጋባይቱ ተርፎ አይኖዱ (ለእያንዳንዱ ፋይል አንድ የሚያስፈልገው መዝገብ) ሊያልቅ ይችላል፤ ሚሊዮን ትንንሽ ፋይሎች የተጠራቀሙበት ፎልደር እንዲህ ያደርጋል። የዲስክ ቦታ የሚያሳየውን ኮማንድ፣ ዲኤፍን፣ በ«አይ» ኦፕሽንም ያሂዱት። የተደመሰሰ ፋይልም አንድ ፕሮሰስ ከፍቶት እስካለ ድረስ ቦታውን አይለቅም። በተቃራኒው፣ «ፍሪ» የሚለው የሚሞሪ ቁጥር አነሰ ብለው አይደንግጡ፤ ሊኑክስ ትርፍ ሚሞሪን ለካሽ (በቅርብ ለተነበቡ ፋይሎች ማቆያ) ይጠቀምበታል፣ መታየት ያለበት «አቬይለብል» የሚለው ቁጥር ነው።

«ምንም አልነካንም»

ብዙ ጊዜ ተነክቷል። ከሁለት ቀን በፊት የገባ አፕዴት፣ ፋየርዎል ላይ የተጨመረ አንድ መስመር፣ «ይሄማ አያገናኘውም» ተብሎ የተተወ ነገር። ይጻፉት፣ አንፈርድብዎትም። ግን አንድ ጊዜ ደንበኛው ምንም አልነካንም ብሎ ሲምል በልቤ ሳቅሁ፤ እውነቱን ነበር። ጊዜው አልፎበት የሞተው ሰርቨሩ ማንነቱን የሚያረጋግጥበት ሰርተፊኬት ነው፣ ማንም ስላልነካው።

የይለፍ ቃል አብሮ መላክ

የኮንፊገሬሽን ፋይል ውስጥ የዳታቤዝ የይለፍ ቃልና ፕራይቬት ኪይ (ምስጢራዊ ቁልፍ) እንዳለ ይደርሰኛል። ይሸፍኑት። ሲሸፍኑ ግን አንዱን አይፒ አድራሻ በየቦታው በአንድ ዓይነት ስም ይተኩት፤ ሁሉንም በኮከብ ምልክት ከለበጡት ማን ከማን ጋር እንደተነጋገረ አይለይም።

ዲበግ ሎግ ከፍቶ መርሳት

እያንዳንዱን ዝርዝር የሚጽፈውን ይህን ሎግ ዓርብ ከፍቼ ረሳሁት፤ እሑድ ዲስኩን ሞልቶ ሰርቨሩን አቁሟል። ሌላ አልጨምርም።

የተበላሸውን ዲስክ በቁጥር መጥራት

«ሦስተኛው ዲስክ ሞቷል» አይበሉ፤ ሴሪያል ቁጥሩን ይጻፉ። ዲስኮቹን የሚያስተዳድረው ኮንትሮለር ከ0 ሊቆጥር ይችላል፣ ሰው ከ1 ይቆጥራል። አንድ ጎበዝ ልጅ ማስረጃውን ሁሉ በሥርዓት ሰብስቦ ከላከልኝ በኋላ መልሴን ሳይጠብቅ ከግራ ሦስተኛውን ነቀለ። ሬይድ 5 (አንድ ዲስክ ቢሞት የሚችል፣ ሁለት ቢጠፉ ግን የማይችል የዲስኮች ቅንጅት) ነበር፤ የነቀለው ጤነኛውን። ሁለተኛው ቲኬቱም እንደ መጀመሪያው ሎጉ የተሟላ፣ ሰዓቱ በዩቲሲ ነበር።