የእርጥበት ሴንሰር ከመግዛታችሁ በፊትና በኋላ፦ ከአስታማሚ ልጅ

የመርሳት በሽታ ያለበት ሰው ሽንት የሚያመልጠው ሁልጊዜ ፊኛው ታሞ አይደለም። ሽንቱ እንደመጣ ላያስተውል፣ መጸዳጃ ቤቱ ሊጠፋበት ወይም ልብሱን መፍታት ሊያቅተው ይችላል። የእናቴ ችግር ይኸው ነው። ስለዚህ ሽንትን የሚጠቁም ሴንሰር (ትንሽ መሣሪያ) ስትገዙ መጀመሪያ የምትጠይቁት ሴንሰሩ የሚነግራችሁ ሽንቱ ሳያመልጥ ነው ወይስ ካመለጠ በኋላ የሚለውን ይሁን።

ከእምብርት በታች ተለጥፎ ፊኛው ምን ያህል እንደሞላ በአልትራሳውንድ የሚለካ አለ። ቀድሞ ይናገራል፤ ግን ከቦታው ትንሽ ከተንሸራተተ ልኬቱ ይዛባል። እናቴ ደግሞ ገላዋ ላይ የተለጠፈ ነገር ሁሉ ትነቅላለች። ስለዚህ ዳይፐር ላይ የሚያያዘውን፣ ሲረጥብ ስልክ ላይ መልእክት የሚልከውን መረጥኩ። ከላይ ጠበቅ ያለ የውስጥ ሱሪ ሳለብሳት እጇ አይደርስበትም። ጠንካራው ክፍል ግን ከጀርባዋ ሥር እንዳይውል ተጠንቀቁ፤ ሲተኙበት ቆዳ ያቆስላል።

ድምፁን አጥፉና ስልኩ ኪሳችሁ ውስጥ ይንዘር። አልጋው አጠገብ የሚጮህ አላርም ያስደነግጣታል፣ ያሳፍራታልም።

ማስታወቂያው «እፎይ ብላችሁ ተኙ» ይላል። መጀመሪያ ላይ እንዲያውም እንቅልፍ ያሳጣል! ዋናው ጥቅሙ ያለው መዝገቡ ላይ ነው። ቢያንስ ሦስት ቀን መልእክቱ የመጣበትን ሰዓት፣ ከጎኑም ምን እንደጠጣችና መቼ እንደጠጣች ጻፉ። ሰዓቶቹ ይደጋገማሉ። እኔ ይህን ሳደርግ ሌላም ነገር አየሁ፦ መልእክቱ ከመምጣቱ ጥቂት ቀደም ብሎ እናቴ የቀሚሷን ጫፍ መጠቅለልና መፍታት ትጀምራለች። አሁን ከተለመደው ሰዓት ሃያ ደቂቃ ያህል ቀድሜ፣ ወይም እጇ ቀሚሷ ላይ ሲሄድ፣ እወስዳታለሁ። «ሽንትሽ መጥቷል?» ካልኳት መልሷ ሁልጊዜ «የለም» ነው። «እማ፣ ነይ እስቲ ከኔ ጋር» ስላት ግን ትነሳለች።

መልእክት አልመጣም ብላችሁ ግን አትዘናጉ፤ ብዙዎቹ ሰገራን አይለዩም፣ ሴንሰሩን ከስልኩ የሚያገናኘው ብሉቱዝም ግድግዳ ሲበዛበት ይቋረጣል። በተቃራኒው ላብ ብቻውን ሊያስጮኸው ይችላል። መልእክት የሚልክበትን የእርጥበት መጠን መምረጥ ከተቻለ፣ ለጠብታ ሁሉ እንዳይጠራችሁ ከፍ አድርጉት፤ ነገር ግን ቆዳዋ መቅላት ከጀመረ መልሳችሁ ዝቅ አድርጉት።

ሽንቱ እንዲቀንስ ብሎ ውኃ መከልከል አይሆንም። የወፈረ ሽንት ፊኛን ይቆጠቁጣል፣ ለኢንፌክሽንም ያጋልጣል።

በመዝገቡ ላይ የመልእክቱ ቁጥር በድንገት ካሻቀበ ሐኪም ጋ ይዛችሁ ሂዱ። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ የሆድ ድርቀት ወይም አዲስ የተጀመረ መድኃኒት ሊሆን ይችላል፤ ለመርሳት በሽታ የሚሰጠው ዶኔፔዚል እንኳ አንዳንድ ሰው ላይ ሽንት ያጣድፋል። የሚያሸና መድኃኒት ከሰዓት በኋላ የምትወስድ ከሆነ ደግሞ ወደ ጠዋት ማዛወር ይቻል እንደሆነ ጠይቁ።