የአስቤዛ ብር ወሩን እንዲጨርስ እንዴት እንደሚታቀድ

በብዙ ቤት የአስቤዛ በጀት የሚናጋው በትልቁ ግዢ ቀን አይደለም። ደመወዝ ገብቶ ጤፉ፣ ዘይቱና ሽሮው ሲገዛ ሁሉም ሰው ጠንቃቃ ነው። ዋጋ ይጠይቃል፣ ይከራከራል፣ ሚዛኑን ያያል። ብሩ የሚፈሰው ከዚያ በኋላ ነው። ማክሰኞ ሽንኩርት ያልቃል፣ ሐሙስ እንግዳ ይመጣል፣ ቅዳሜ እንቁላል ይፈለጋል። ወሩ 20 ሲል ደግሞ ከሰፈር ሱቅ ዱቤ መጠየቅ ይመጣል።

ዋጋ በየጊዜው በሚቀያየርበት በዚህ ዘመን «አምና እኮ ይበቃን ነበር» የሚለው ስሌት አይሰራም። በተለይ ከሐምሌ 2016 ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ከውጭ የሚገባ ዘይትና ሩዝ የሚገዛ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ስለዚህ ዋናው ሥራ ያለውን ብር በወሩ ቀናት ላይ በትክክል ማዳረስ ነው። ከዚህ በታች ያለው አካሄድ አዲስ አበባ ላለ ቤተሰብ የታሰበ ነው። ሌላ ከተማ ያላችሁም ከገበያው ስም በቀር ብዙውን መጠቀም ትችላላችሁ።

1. መጀመሪያ አንድ ወር መዝግቡ

ብር ከመመደባችሁ በፊት ቤታችሁ ምን ያህል እንደሚበላ እወቁ። ብዙ ሰው ወጪ ሲመዘግብ ብሩን ብቻ ይጽፋል። እኔ መጠኑና ቀኑ ይበልጣል እላለሁ። «ለዘይት ይህን ያህል ብር ወጣ» የሚለው ዋጋ ሲለወጥ ጥቅሙ ያበቃል። «አምስት ሊትር ዘይት 22 ቀን ቆየ» የሚለው ግን ዋጋው ስንት ቢሆን ይሠራል።

አሠራሩ ቀላል ነው። የዘይቱ ጀሪካን ሲከፈት ቀኑን በማርከር ጀሪካኑ ላይ ጻፉ። የጤፍ ዱቄቱ፣ የሽሮው፣ የስኳሩና የቡናው ዕቃ ላይም እንዲሁ። ሲያልቅ ያለቀበትን ቀን ደብተር ላይ አስፍሩ። እንጀራ በተጋገረ ቁጥር ስንት እንደወጣና ስንቱ ሻግቶ እንደተጣለ ቁጠሩ። የተጣለ እንጀራ ማለት የተጣለ ጤፍ፣ ኤሌክትሪክና ድካም ነው። በአንድ ጊዜ ብዙ የምትጋግሩ ከሆነና የሚሻግት ካለ፣ በሳምንት ሁለቴ ከፋፍሎ መጋገር ይሻላል። የደረቀውንም በጊዜው ድርቆሽ ማድረግ ነው።

ከወሩ በኋላ ቤታችሁ በ30 ቀን የሚፈልገውን ጤፍ፣ ዘይት፣ ሽሮ፣ ምስርና ስኳር በኪሎና በሊትር ታውቁታላችሁ። ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ በዚህ ላይ የሚቆም ነው።

2. ካሌንደሩን ዘርጉ

ይህ እርምጃ ብዙ ጊዜ ይዘለላል። እኔ ግን ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ይመስለኛል። የእኛ ማዕድ በየወሩ አንድ ዓይነት አይደለም። ጾሙ፣ ፍስኩና በዓሉ ይቀያይሩታል። በየወሩ አንድ ዓይነት ብር መድቦ «ለምን አልበቃኝም?» ማለት ልክ አይመጣም።

የኦርቶዶክስ ጾም የሚጾምበት ቤት ከሆነ ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ወደ ሁለት ወር ገደማ ይዘልቃል። የነቢያት ጾም ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ገና ዋዜማ ነው። ፍልሰታ ከነሐሴ 1 ጀምሮ ሁለት ሳምንት ነው። ሰው «ጾም ሲገባ ወጪ ይቀንሳል» ይላል። የሥጋ፣ የእንቁላልና የቅቤ ወጪ ይቀንሳል፤ እውነት ነው። ግን ዘይቱ ይጨምራል። ሽሮውም፣ ምስሩም፣ ቲማቲሙም፣ ሱፉና ተልባውም ይጨምራሉ። ስለዚህ በጾም ወር ያንኑ የፍስክ ወር ዘይት ከገዛችሁ ወሩ ሳያልቅ ያልቅባችኋል። ከሥጋው የተረፈውን ብር ገና ከመጀመሪያው ወደ ዘይትና ጥራጥሬ አዙሩት።

ተቃራኒውም አለ። ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብ አይጾምም። በየሳምንቱ ሁለት የጾም ቀን ይበላ የነበረው ሽሮና ምስር ቦታውን ለእንቁላል፣ ለወተትና ለሥጋ ይለቃል። ልጆች ያሉበት ቤት ይህን በደንብ ያየዋል። ከፋሲካው ወጪ ማግስት የሚመጣ ስለሆነ ነው ብዙ ቤት የሚንገዳገደው።

ሙስሊም ቤተሰብ ዘንድ ረመዳን የራሱ በጀት ያስፈልገዋል። ቀን ባይበላም የማፍጠሪያው ማዕድ ሰፊ ነው፦ ቴምር፣ ሳምቡሳ፣ ሾርባ፣ እርጎ። ጎረቤትና ዘመድም ይጠራል። ረመዳን በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ገደማ ስለሚቀድም አምና የዋለበትን ወር ይዞ ማቀድ ያሳስታል። ዱቄቱ፣ ዘይቱና ቴምሩ ወሩ ከመግባቱ በፊት ቢገዛ ይመረጣል፤ ሲገባ ሁሉም አንድ ላይ ይወጣል።

እንግዲህ አንድ ወረቀት ላይ ዓመቱን በሙሉ ጻፉ። ከየወሩ አጠገብ «ጾም»፣ «ፍስክ»፣ «በዓል»፣ «ክርስትና»፣ «የማኅበር ተራ» እያላችሁ ምልክት አድርጉ። ግድግዳ ላይ ይሰቀል።

3. ብሩን ለአራት ክፈሉት

ለአስቤዛ የመደባችሁት 12,000 ብር ነው እንበል። ቁጥሩ ለማሳያ ነው፤ የእናንተን አስገቡበት።

6,500 ብር ለደረቅ አስቤዛ ይሁን። ጤፍ፣ ዘይት፣ ሽሮ፣ ምስር፣ ክክ፣ ሩዝ፣ ፓስታ፣ ስኳርና ቡና እዚህ ይገባሉ። ደመወዝ በገባ ሰሞን በአንድ ጊዜ ይገዛል።

4,000 ብር ለየሳምንቱ ነው፤ በሳምንት 1,000። አትክልቱ፣ እንቁላሉ፣ ወተቱ፣ ዳቦው ከዚህ ነው የሚወጣው።

1,000 ብር ለበዓልና በዓመት አንዴ ለሚገዙ ነገሮች ይቀመጥ። ይህ በዚህ ወር የሚነካ አይደለም።

የቀረው 500 ብር መጠባበቂያ ነው። እንግዳ ይመጣል፣ ለቅሶ ይደረሳል። እኛ ዘንድ እንግዳ ሳይቀምስ አይሄድም፣ መሄድም የለበትም። በጀቱ ይህን ከመጀመሪያው ካላሰበው ውሸት ነው። ደግሞም 30 ቀን አራት ሳምንትና ሁለት ቀን ነው። ሳምንታዊውን ለአራት ስትከፍሉ የምትረሱት እነዚህን ሁለት ቀናት ነው። እነሱንም ይህ ይሸፍናል።

አራቱን አንድ ላይ አትያዙ። የሳምንቱን በየሳምንቱ ብቻ ወደ ቦርሳ አውጡ። የበዓሉን ሌላ የባንክ ሒሳብ ውስጥ አስቀምጡት፤ ለዕለት ክፍያ የማትጠቀሙበት ከሆነ ቴሌብርም ይሆናል። ብር አንድ ቦታ ሲሆን ሁሉም የሚበላ ይመስላል።

4. ደረቁን በወቅቱ ግዙ

ትልቁ ቁጠባ ያለው ጤፍና በርበሬ ላይ ነው። ሁለቱም ወቅት አላቸው።

አዲስ ጤፍ ገበያ የሚገባው ከኅዳር መጨረሻ እስከ ጥር ነው። ክረምት ላይ የአምናው እያለቀ፣ መንገዱም እየከበደ ስለሚሄድ ብዙ ጊዜ ዋጋው ይወጣል። አቅም ያለው በታኅሣሥና በጥር ኩንታል ቢገዛ ያተርፋል። «በአንድ ጊዜ ከየት አምጥቼ?» ለሚል መልሱ እቁብ ነው። ዕጣችሁ ጥር ላይ እንዲወጣ ዳኛውን ቀድማችሁ አነጋግሩ፤ ብዙ ዳኞች እንዲህ ላለ ነገር ይተባበራሉ። እቁብ ከሌላችሁ ከጎረቤት ጋር አንድ ኩንታል ገዝቶ 50 ኪሎ 50 ኪሎ መካፈልም አለ።

ዱቄት ከመግዛት እህሉን ገዝቶ አበጥሮ ወፍጮ ቤት መውሰድ ይሻላል። ምን እንደተቀላቀለበት ታዩታላችሁ። ስለ ዓይነቱም አንድ ነገር ልበል። ማኛ ጤፍ ለእንግዳ ያምራል። ለዕለት እንጀራ ግን ሰርገኛው በዋጋ ይቀላል፣ በጣዕምም አያንስም። ጥቂት ማሽላ ወይም ሩዝ መቀላቀልም ብዙ ቤት የለመደው ነው። መጠኑን ቀስ በቀስ እያሳደጋችሁ ሞክሩት። በአንዴ ግማሽ በግማሽ ካደረጋችሁት እንጀራው ይደርቅና የቤቱ ሰው ያኮርፋል።

በርበሬም ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው በብዛት የሚገባው። የማረቆው፣ የሃላባው በርበሬ መርካቶ ሲሞላ የዓመቱን ገዝቶ፣ አጥቦ፣ አስጥቶ፣ ቀምሞ ማስፈጨት ነው። በሩብ ኪሎ ከሱቅ እየገዙ ዓመቱን መግፋት በጣም ውድ ነው። ያ በየወሩ 1,000 ብር የሚቀመጥበት ሒሳብ አንዱ ሥራው ይህ ነው። ሽሮም በቤት የተዘጋጀ ይመረጣል። ለሽሮም ለወጥም ጥራጥሬ ስትገዙ ነቀዝ አለመኖሩን እፍኝ ውስጥ አድርጋችሁ እዩ።

ቅቤ ሌላው ነው። በጾም ወቅት ፈላጊው ስለሚቀንስ ብዙ ጊዜ ይረክሳል፤ የፋሲካ ሰሞን ደግሞ ይሰቀላል። በጾሙ አጋማሽ ገዝቶ ማንጠር ነው። ንጥር ቅቤ ይቆያል።

ስኳርና ዘይት የሸማቾች ሱቅ ሲገባ ከገበያ ቀለል ይላል። መቼ እንደሚገባ ማወቅ የሚቻለው ከሠራተኞቹ ጋር ሰላምታ ሲኖር ነው። ስታልፉ ጠይቁ።

5. የሳምንቱን አንድ ቀን ብቻ ግዙ

ሳምንታዊው ብር የሚበተነው በየቀኑ ስለሚገዛ ነው። ጉልት ላይ ሽንኩርቱ በመደብ ነው የሚሸጠው። አንድ መደብ ርካሽ ይመስላል። ሚዛን ላይ ቢወጣ ግን ኪሎው ከገበያ የሚበልጥበት ጊዜ ብዙ ነው። አንድ ቀን መደቡን ቤት ወስዳችሁ መዝኑት። ከዚያ በኋላ ጉልት የምትሄዱት ለጎደለ ነገር ብቻ ይሆናል።

ዋናውን ግዢ እሁድ ገበያ አድርጉት። አዲስ አበባ ውስጥ በብዙ ክፍለ ከተሞች ይቆማል። ሽንኩርት፣ ድንች፣ ካሮት፣ ጎመንና እንቁላል በአንድ ዙር ይገኛል። ብዙ የምትፈልጉ ከሆነ ደግሞ ሁለት ሦስት ጎረቤት ሆናችሁ ኃይሌ ጋርመንት ካለው የአትክልት ገበያ በጆንያ ማምጣት ነው። የትራንስፖርቱን አስቀድማችሁ አስሉ። ለብቻ ሄዶ አምስት ኪሎ ሽንኩርት ይዞ መመለስ አያዋጣም።

ሽንኩርት በፌስታል አይቀመጥ፤ ይበሰብሳል። አየር የሚገባበት ቅርጫት ውስጥ፣ ከድንች ተለይቶ ይሁን። ድንቹ ብርሃን ከነካው አረንጓዴ ይሆንና ይመራል። ፍሪጅ ካለ የሳምንቱን ሽንኩርት በአንድ ጊዜ አቁላልቶ ማስቀመጥ ዘይትም ጊዜም ያተርፋል። በየቀኑ ዘይት እየጨመሩ አዲስ ቁሌት ማውጣት ጀሪካኑን የሚያስጨርስ ነገር ነው።

ለበዓል የሚሆን ሽንኩርት ከበዓሉ ሁለት ሳምንት ቀድሞ ይገዛ። ደረቅና ያልተላጠ ከሆነ ይቆያል። የዋዜማውን ዋጋ ሁላችንም እናውቀዋለን።

6. ዱቤውን ዝጉ

ዱቤ ካለባችሁ መጀመሪያ እሱ ይከፈል። ለአንድ ወር ያህል ቢያጨናንቅም። በዱቤ የሚገዛ ሰው ዋጋ አይከራከርም፣ ሌላ ሱቅም አይሄድም። ልጆች «በእማዬ ስም ጻፈው» እያሉ ብስኩት የሚያመጡበት ደብተር ካለ፣ ከባለሱቁ ጋር ተነጋግራችሁ አዘጉት። ቤት ውስጥ የምትሠራ ልጅ ካለችም የሳምንቱን ብር መጠን ትወቀው። ስንት እንዳለ የማያውቅ ሰው መቆጠብ አይችልም።

7. ወሩ 15 ሲሆን ቆም ብላችሁ እዩ

በወሩ አጋማሽ ጀሪካኑን፣ የዱቄቱን ዕቃና ቦርሳውን አንድ ላይ ተመልከቱ። ዘይቱ ከግማሽ በታች ከሆነ ጥብሱ ይቀንስ፤ ቅቅልና አልጫ ይብዛ። ጤፉ ከጎደለ ቁርሱን ከፍርፍር ወደ ገንፎ፣ ቂንጬ ወይም ንፍሮ ማዞር ይቻላል። ቀድማችሁ ካያችሁት ማስተካከያው ትንሽ ነው። 25 ላይ ካያችሁት ግን ብድር ነው።

መቀነስ ካለበት ከምን ይቀነስ? እኔ ከለስላሳው፣ ከታሸገ ጭማቂና ከብስኩት ልጀምር እላለሁ። የልጆች እንቁላልና ወተት የመጨረሻው ይሁን። ሥጋ በሳምንት የነበረው በሁለት ሳምንት ቢሆን፣ ምስርና ሽምብራ ይተካዋል።

8. ጳጉሜን አትርሱ

በሀበሻ ወር ደመወዝ የሚከፈለው ሰው የነሐሴ ደመወዙ እስከ መስከረም ደመወዝ ድረስ ነው የሚቆየው። በመሃል አምስት፣ አንዳንዴም ስድስት የጳጉሜ ቀናት አሉ። ወሩ 35 ወይም 36 ቀን ሆነ ማለት ነው። በዚያ ላይ እንቁጣጣሽ አለ፣ የትምህርት ቤት ክፍያና ደብተር አለ፣ መስከረም 17 ደግሞ መስቀል ይከተላል። ለዚህ ዝግጅቱ ከግንቦት ይጀምር። በየወሩ ከሚገዛው ላይ አንድ አንድ ኪሎ ሽሮ፣ ምስርና ሩዝ ለይታችሁ በሌላ ዕቃ አስቀምጡ። በየጊዜው ፀሐይ አስመቷቸው፤ ነቀዝ እንዳይገባቸው። ጳጉሜ ስትገባ ያ ዕቃ ይከፈታል፤ የደመወዙ ብር ለዶሮውና ለደብተሩ ይተርፋል።