ኦሊዮ ቀይረን ስናበቃ ዶልፊኗ ለምን ታንጠባጥባለች?

ይህን የምጽፈው 3ኤል ወይም 5ኤል ናፍጣ ሞተር ያላት የቶዮታ ዶልፊን ሚኒባስ ይዛችሁ፣ ኦሊዮዋን በራሳችሁ እጅ ለምትቀይሩ ነው። አቀያየሩን ታውቁታላችሁ ብዬ ዘልዬዋለሁ። ወደ 6 ሊትር ትወስዳለች፣ 15ደብሊው-40 ይበቃታል፣ አለቀ። የኔ ጉዳይ በማግስቱ ጠዋት መሬቱ ላይ የምታዩት ጥቁር ጠብታ ነው።

በቅድሚያ ምንጩን ፈልጉ። ኦሊዮ ከላይ ይወርድና በመንገድ ላይ ነፋሱ ወደ ኋላ ይገፋዋል። የሚንጠባጠብበትና የሚያፈስበት ቦታ ብዙ ጊዜ አይገናኙም። ኮፓውን (ከሞተሩ ሥር ያለውን የኦሊዮ መያዣ) ናፍጣ በነካ ጨርቅ ጥርግ አድርጉት፣ አድርቁት፣ የሕፃን ፓውደር ነስንሱበት። ሞተሩን 10 ደቂቃ አስነስታችሁ አጥፉት። ፓውደሩ መጀመሪያ የረጠበበትን ቦታ ታዩታላችሁ።

ከማፍሰሻው ቡሎን ሲያንጠባጥብ

ከአሥር መኪና ስምንቱ እዚህ ነው ብል አላጋንንም።

ቀላሉ ምክንያት ሮንዴላው፣ ቡሎኑ ሥር የሚገባው ቀለበት ነው። አንዴ ተጨፍልቆ ቅርጽ የያዘ ሮንዴላ ሁለተኛ ጊዜ በደንብ አይዘጋም። አዲስ አድርጉ። የመዳብ ከሆነ እሳት ላይ እስኪቀላ አግላችሁ ስታቀዘቅዙት ይለሰልሳል፣ እንደገና ይሠራል። የሳንቲም ዋጋ ያለው ዕቃ ነው። ሰው ግን ሮንዴላ መቀየሩን ትቶ ቡሎኑን ያጠብቃል። ሲያንጠባጥብ ደግሞ ያጠብቃል። ጣጣው የሚመጣው ከዚህ ነው።

ቡሎኑ 12 ሚሊሜትር ውፍረት አለው፣ በ14 ቁጥር መፍቻ ይፈታል። የሚያስፈልገው የማጥበቂያ ጉልበት ከ35 እስከ 40 ኒውተን ሜትር ነው። በአጭር መፍቻ፣ በአንድ እጅ፣ ሮንዴላው ከነካ በኋላ ትንሽ ጫን ማለት ነው። አንድ ረዳት መፍቻው ላይ የአንድ ሜትር ቱቦ ሰክቶ ሲያጠብቅ ደርሼበታለሁ። «ጋሼ፣ እንዳይፈታ ብዬ ነው» አለኝ። አንድ ሜትር ላይ 40 ኪሎ ስትጭኑ 400 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው። አሥር እጥፍ! ኮፓው ላሜራ ነው፣ ነቱ ደግሞ በብየዳ የተያዘ። ይሄን ጉልበት ከየት አምጥቶ ይቻለው?

ሁለተኛው ገዳይ የተሳሳተ ቡሎን ነው። የቶዮታው ከጥርስ እስከ ጥርስ ያለው ርቀት 1.25 ሚሊሜትር ነው። ሱቅ ሄዳችሁ «12 ቡሎን» ካላችሁ 1.5 ወይም 1.75 ሊሰጧችሁ ይችላሉ። ሁለት ዙር ይገባና ይጠብቃል። ባለቤቱ ዝገት መስሎት በመፍቻ ይነዳዋል፣ የነቱን ጥርስ እየበላ ይገባል። ስለዚህ ቡሎኑ በጣት ብቻ እስከ መጨረሻው ካልገባ የሷ አይደለም። መፍቻ አታስነኩት።

ጥርሱ መበላቱን በእጃችሁ ታውቁታላችሁ። ታጠብቁታላችሁ፣ ይዞራል፣ ይዞራል፣ አይነክስም። ያን ጊዜ የሚደረገውን ጉድ ብዘረዝር አያልቅም። ቴፍሎን የጠቀለሉበት አለ። ሲሊኮን የሞሉበት አለ። አንዱ ደግሞ ቡሎኑን በፌስታል ጠቅልሎ አስገብቶት ነበር። ለጥቂት ሳምንት ያዘለት፣ ደስ ብሎት ለጓደኞቹም አስተማረ። በኋላ የኦሊዮ መብራት ዳገት ላይ ብልጭ ማለት ጀመረ። ኮፓውን ሳወርደው ፖምፓው የሚስብበት ወንፊት ላይ የፌስታሉ ቁራጭ ተለጥፎ አገኘሁት። ሞተሩ በፌስታል ታንቆ ሊሞት ነበር።

ትክክለኛው መፍትሄ ኮፓውን አውርዶ ቶርኖ ቤት ወስዶ ነቱን ማስቀየር፣ ወይም ሄሊኮይል (አዲስ ጥርስ የሚሆን የሽቦ ጥቅልል) ማስገባት ነው። ራሱ እየቆረጠ የሚገባ ወፈር ያለ ቡሎንም ይሸጣል። እኔ አልወደውም፤ የብረት ብናኙ ኮፓው ውስጥ ይቀራል። መንገድ ላይ ካልቸገራችሁ በቀር ተዉት።

ኮፓው ሳይወርድ አይበየድም። «ትንሽ ነገር ናት፣ እዚሁ ነካ ላድርጋት» የሚል በያጅ ከመጣ ቁልፉን ይዛችሁ ሂዱ። ውስጡ ኦሊዮ አለ፣ ጭስ አለ፣ አጠገቡ የናፍጣ መስመር አለ። ከወረደም በኋላ በደንብ ሳይታጠብ አይበየድም። ደግሞ በክሪክ ብቻ የቆመች መኪና ሥር ማንም አይግባ። ድንጋይም ድጋፍ አይደለም፣ ይሰነጠቃል።

ስታስነሷት ከፊልትሮው በኩል ድንገት ሲፈስ

አሮጌው ፊልትሮ ሲወርድ የጎማ ቀለበቱ ሞተሩ ላይ ተጣብቆ ቀርቷል፣ አዲሱ በላዩ ታስሯል። ሁለት ጎማ ተደራርቦ ግፊት አይችልም። እኔ ራሴ አንድ እሁድ በችኮላ ሠርቼዋለሁ፤ ስድስቱን ሊትር ግቢው ጠጣው። አሮጌውን ፊልትሮ ገልብጣችሁ ቀለበቱ መኖሩን እዩ። አዲሱን ጎማ ኦሊዮ ቀቡት፣ ከነካ በኋላ ሦስት ሩብ ዙር በእጅ ብቻ።

ጠዋት ስትነሳ ለጥቂት ሰከንድ ስትንኳኳ

ርካሽ ፊልትሮ ነው። ኦሊዮው ሌሊት ወደ ኮፓ እንዳይመለስ የሚይዘው የጎማ ክዳን ወይ የለውም ወይ ደርቋል። ቀይሩት፣ ሌላ መድኃኒት የለውም።

የኦሊዮ መብራት አልጠፋ ሲል

ፊልትሮው እስኪሞላ ጥቂት ሰከንድ ይበራል። ከ10 ሰከንድ ካለፈ ወዲያው አጥፉ። ስልክ እያወራ አዲስ ኦሊዮ ሳይሞላ ያስነሳ ሰው አውቃለሁ።

ሰማያዊ ጭስ

ሞልታችኋል። ተዳፋት ላይ ቆማ ወይም እንዳጠፋችኋት ለክታችሁ፣ ጎደለ ብላችሁ ጨምራችኋል። ሜዳ ላይ አቁሙ (አዲስ አበባ ላይ ሜዳ ማግኘት ራሱ ሥራ ነው)፣ 10 ደቂቃ ጠብቁ፣ ለኩ፣ ትርፉን አውጡ። በትርፍ ኦሊዮ አትንዱ። ናፍጣ ሞተር የራሱን ኦሊዮ በትንፋሽ ቱቦው ስቦ ማቃጠል ከጀመረ በቁልፍ አይጠፋም።

ኦሊዮው በማግስቱ ጠቆረ

ናፍጣ ነው፣ ጥላሸት ነው፣ ይጠቁራል። ወተት የገባበት ቡና ከመሰለ ግን ውሃ ገብቷል፣ አታስነሱ። ሀሰተኛ ኦሊዮ ግን በቀለሙ አይታወቅም። ባዶ ጀሪካን ለቆራሌው ከመስጠታችሁ በፊት ብሱት፤ ካልተበሳ ተሞልቶ፣ ታሽጎ መልሶ እናንተው ጋ ይመጣል።

ቡሎኑም ፊልትሮውም ደረቅ ሆኖ አሁንም ሲያንጠባጥብ

ዲናሞውን እዩ። በዚህ ሞተር ላይ ከዲናሞው ጀርባ የፍሬን አየር የምትስብ ትንሽ ፖምፓ አለች፣ የምትቀባው በሞተሩ ኦሊዮ ነው። መመለሻ ጎማዋ ሲሰነጠቅ ኦሊዮው በሞተሩ ጎን ወርዶ ኮፓው ላይ ይሰበሰባል። በዚህች አንድ ጎማ ምክንያት በወር ሦስት ፊልትሮ የቀየረ ደንበኛ ነበረኝ።