የኤሌክትሪክ ምጣዱ አልግል አለ? ጀሶውን ከመስበራችሁ በፊት

አብሲቱ ገብቶ ሊጡ ኩፍ ብሏል፣ ምጣዱ ግን ቀዝቅዞ ቁጭ። እኛ ደሴ ይሄ ሲያጋጥም መጀመሪያ የሚባለው "ሽቦው ተቃጠለ" ነው። አብሽሩ። ብዙ ጊዜ ጀሶው ውስጥ የተቀበረው ማሞቂያ ሽቦ ምንም አልሆነም፤ ችግሩ ያለው ከግድግዳው እስከ ምጣዱ ባለው መንገድ ላይ ነው። ስለዚህ ፍተሻውን ከግድግዳው ጀምሩ።

ብሬከሩን እዩ። ወርዶ ከሆነ አንድ ጊዜ መልሱት፣ ወዲያው ከወረደ ግን አትሟገቱት። ጀሶ ውሃ ይመጥጣል፤ ሐምሌና ነሐሴ የደሴ ጉም ኩሽና ድረስ ሲገባ ሳይጋገርበት የሰነበተ ምጣድ እርጥበት ይዞ ብሬከር ይጥላል። ፀሐይ ስትወጣ ገልብጣችሁ አድርቁት። ሸክላው ተሰንጥቆ ሊጥ ወደ ውስጥ ሰርጎ ከሆነ፣ ወይም ሲነኩት የሚነዝር ከሆነ ግን ማድረቅ አይበቃም። በዚያ ምጣድ ላይ አንድም እንጀራ አትጋግሩ።

ብሬከሩ ደህና ከሆነ ወደ ስፒናው። አብዛኛው በሽታ እዚህ ነው። የቤት ምጣድ ከ3500 እስከ 4000 ዋት ይበላል፣ ያ ማለት በ220 ቮልት ከ16 እስከ 18 አምፔር ነው፣ ግድግዳው ላይ ያለው ተራ ሶኬት ደግሞ የተሠራው ለ16 ነው፤ እንግዲህ ሰኞም ሐሙስም ሲጋገርበት ቢቀልጥ ምን ይገርማል? ስፒናውን ንቀሉና እግሮቹን ተመልከቱ። አንዱ ጠቁሮ፣ ዙሪያው ያለው ፕላስቲክ ቡናማ ሆኖ ሟሙቶ፣ ጠጋ ስትሉ የተቃጠለ ጎማ የሚሸት ከሆነ አገኛችሁት። በካቻቢቴ ክፈቱት። ብሎኑ ሲግልና ሲቀዘቅዝ ኖሮ ላልቷል፣ ከሥሩ ያለው መዳብም ከስሎ በጣት ሲነኩት ይሰባበራል። የከሰለውን ቁረጡ፣ ቀይ መዳብ እስኪታይ ላጡት፣ አዲስና ጠንካራ ስፒና ግዙለትና ብሎኑን ጥብቅ አድርጉ። ሶኬቱም ጠቁሮ ከሆነ አብሮ ይቀየር፤ ካልሆነ አዲሱን ስፒና በወሩ ይበላዋል። ሶኬት ከመክፈታችሁ በፊት ብሬከሩን አጥፉ፣ በቴስተርም አረጋግጡ። ገመዱን ባለ 4 ካሬ ሚሊሜትር አድርጉት። ዲቫይደር ላይ የሚሰካ ሰው ደግሞ... ምን እንበለው፣ ቤቱን ይጠብቅ።

ከዚያ ገመዱ ምጣዱ ውስጥ የሚገባበትን ቦታ ክፈቱ። ስፒናው መነቀሉን ደግማችሁ እዩ። እዚያ ያለው ብሎንና ሮንዴላ ዝጎ ከሆነ በብርጭቆ ወረቀት ፈትጋችሁ መልሳችሁ እሰሩት።

ይሞቃል ግን አይግልም? ሰፈሩን ጠይቁ። በበዓል ዋዜማ ሁሉም ሲሰካ ኃይል ይወርዳል፤ 220 የነበረው 180 ከሆነ የምጣዱ ጉልበት ወደ ሁለት ሦስተኛ ይወርዳል። እንጀራው ዓይን አያወጣም፣ የቆቦ ማሽላም ይሁን የጎጃም ጤፍ። ይሄን ጥገና አይፈታውም፤ ሌሊት ወይም ማለዳ ጋግሩ፣ ዘወትር እንዲህ ከሆነ ወደ መብራት ኃይል በ905 ደውሉ።

ይሄ ሁሉ ታይቶ ካልጋለ አሁን ሽቦውን መጠርጠር ይቻላል። ምጣዱ እንደተነቀለ መልቲሜትሩን ኦም ላይ አድርጋችሁ የሽቦውን ሁለት ጫፎች ለኩ። ከ12 እስከ 14 ካነበበ ሽቦው ጤነኛ ነው። ምንም ካላነበበ ተበጥሷል። ግማሹ ጎን ብቻ የሚግል ከሆነ ምጣዱ ሁለት ሽቦ ያለው ሊሆን ይችላል፣ የሞተው አንዱ ነው፤ ባለ አንድ ሽቦ ሲበጠስ ሙሉ በሙሉ ነው የሚቀዘቅዘው።

የተበጠሰውን ጠምዝዞ መቀጠል ለአንድ ሊጥ ያደርስ ይሆናል እንጂ አይዘልቅም፣ በቆርቆሮ መበየድም ዋጋ የለውም፣ ምጣዱ ሲግል ይቀልጣል። በዋቱ ልክ አዲስ ሽቦ ግዙ። ስትዘረጉት እኩል ይዘርጋ፤ አንድ ቦታ ከተጨማደደ እንጀራው እዚያ ጋ ያርራል፣ ሽቦውም መጀመሪያ የሚበጠሰው እዚያው ነው። አዲሱን ጀሶ ከቀባችሁ በኋላ ቸኩላችሁ አትሰኩ፣ እስኪነጣ ፀሐይ ላይ ይዋል። ከዚያ ትንሽ እየሰካችሁ እየነቀላችሁ አሙቁት፣ እንፋሎቱ ሲያልቅ አሰሱና የመጀመሪያዋን ቀጭን አድርጋችሁ አስፉ።