275ን በ0 እና በ1 ብቻ መጻፍ፦ ባይነሪ በእጅ እንዴት ይሠራል?

ኮምፒውተር የሚያውቀው 0 እና 1 ብቻ ነው ሲባል ያልሰማ የለም። በእጁ ሠርቶ ያየው ግን ጥቂት ነው። ወረቀትና እስክሪብቶ ይበቃል። ካሬ ካሬ የተሰመረበት ደብተር ካላችሁ ደግሞ በጣም ይቀላል።

ቁጥራችን 275 ይሁን። ከአዲስ አበባ ሐዋሳ በኪሎ ሜትር ወደዚያው ገደማ ነው።

መጀመሪያ ከ1 ጀምራችሁ ወደ ግራ በ2 እያባዛችሁ ሂዱ። 256 ላይ ቁሙ፤ ቀጣዩ 512 ከ275 ይበልጣል። ከግራ ሲነበብ እንዲህ ይሆናል፦

256፣ 128፣ 64፣ 32፣ 16፣ 8፣ 4፣ 2፣ 1

አሁን ባለሱቅ መልስ ሲቆጥር እንደሚያደርገው ከትልቁ ጀምሩ። እዚህ ግን እያንዳንዱ ኖት ያለው አንድ አንድ ብቻ ነው። 256 ከ275 ይወጣል፤ ከሥሩ 1 ጻፉ። 19 ቀረ። 128፣ 64 እና 32 ከ19 አይወጡም፤ ሦስት ዜሮ። 16 ይወጣል፤ 1። 3 ቀረ። 8 እና 4 አይወጡም። 2 እና 1 ይወጣሉ። ውጤቱ 100010011 ነው።

ጉዱ ያለው ዜሮዎቹ ላይ ነው። እዚህ ሐዋሳ የማስጠናቸው ልጆች "ካልወጣ ምን ልጽፍ?" ብለው ይዘሏቸዋል። ያኔ 1111 ይቀራል፤ እሱ ደግሞ 15 ነው። ዜሮው ቦታ ጠባቂ ነው። 305 ላይ ያለውን ዜሮ ማንም አይተወውም አይደል? ስለዚህ ከእያንዳንዱ ቁጥር ሥር የግድ አንድ ነገር ይጻፍ።

275ን ለ2 ደጋግሞ እያካፈሉ ቀሪውን ከሥር ከሥር እየጻፉ መሄድም ይቻላል። እኔ አልወደውም። ቀሪዎቹ የሚነበቡት ከታች ወደ ላይ ነው። ከላይ ወደ ታች ያነበበ ሰው 275ን 401 አድርጎት ቁጭ ይላል።

ለምን ሁለት ብቻ? የኮምፒውተሩ ቺፕ ውስጥ ያሉት ትራንዚስተሮች፣ ማለትም ጥቃቅን ማብሪያ ማጥፊያዎች፣ ኤሌክትሪክ ወይ ያሳልፋሉ ወይ ይዘጋሉ። ኤሌክትሪኩ ትንሽ ቢዋዥቅም ሁለቱን መለየት አይከብድም። አሥር ደረጃ ይለይ ቢባል ስህተቱ ይበዛ ነበር። አንዷ ቦታ ቢት ትባላለች፤ 8 ቢት አንድ ባይት ነው። ባይት ከ0 እስከ 255 ይይዛል። የኛ 275 ዘጠኝ ቦታ ስለሚፈልግ አይገባም። በግድ ከተከተተ የግራው 1 ይቆረጥና 19 ይቀራል። ጀማሪ ፕሮግራመር እንዲህ ያለውን ስህተት ቀኑን ሙሉ ሲፈልግ ይውላል።

ፊደልም ቁጥር ነው። ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር በሚሰጠው የዩኒኮድ ሠንጠረዥ ሀ 4608፣ ሐ 4624 ናቸው። ረድፉን እስከ 4096 አስረዝሙና ሥሩት፦

ሀ፦ 1001000000000
ሐ፦ 1001000010000

ልዩነቱ አንዲት ቢት ናት፤ የ16ቷ ቦታ። ለኛ ድምፁ ያው ነው፤ ለማሽኑ ግን ሌላ ፊደል ነው። ኮፒ ቤት ገብታችሁ "ሐዋሳ" ብላችሁ ያስቀመጣችሁት ፋይል "ሀዋሳ" ተብሎ ሲፈለግ የሚጠፋው ለዚህ ነው። ፋይሉ የለም ከመባሉ በፊት በሌላኛው ሀ አስፈልጉ።

እዚህ ላይ ኤክሴል ውስጥ ባለው የባይነሪ መቀየሪያ አትመኩ፤ ከ511 በላይ ሲሰጡት ስህተት ይላል። የዊንዶውስ ካልኩሌተር በፕሮግራመር ገጹ ይሠራዋል። "አዋሳ" የሚል ሰውም ስላለ "አ" የምትለዋን ፊደል ራሳችሁ ሞክሯት፤ ቁጥሯ 4768 ነው። 13 ቦታ ሆኖ አራት 1 ካልወጣላችሁ ዜሮ ዘላችኋል ማለት ነው።