የኦርኬስትራ ኮንሰርት ሰምቶ ለመጻፍ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ቪየና በሚገኘው የሙዚክፌራይን ሕንፃ ውስጥ ወርቃማው አዳራሽ የሚባለው አለ። ከኋላ በኩል 300 ሰው ቆሞ የሚያዳምጥበት ቦታ ተከልሎለታል፤ ትኬቱም ከመቀመጫው እጅግ ይረክሳል። የመጀመሪያውን የኮንሰርት ማስታወሻዬን የጻፍኩት እዚያ ቆሜ ሰምቼ ስመለስ ነው። «እጅግ ውብ ነበር። አስደናቂ። ልብን ይነካል።» ከወር በኋላ ደብተሩን ስገልጠው የቤትሆቨን አምስተኛ ሲምፎኒ መሆኑን አውቃለሁ፤ ያን ምሽት እንዴት እንደተጫወቱት ግን ከጻፍኩት ውስጥ አንድም ነገር አላገኘሁም። እነዚያ ቃላት ለሠርግም፣ ለጀምበር መጥለቅም፣ ጥሩ ለወጣለት ዶሮ ወጥም ይሆናሉ።

ከዚህ በታች ከዘረዘርኳቸው ስህተቶች ያልሠራሁት የለም። ምሳሌዬን በአብዛኛው ከዚያው ከአምስተኛው ሲምፎኒ እወስዳለሁ፤ ኮንሰርት ገብቶ የማያውቅ ሰው እንኳ መነሻውን ታ-ታ-ታ-ታም ብሎ ሊያዜመው ይችላልና፣ ቤትዎ ከፍተው ሊያመሳክሩኝ አይቸገሩም።

ቃል መጠበቅ

ያደግነው ዜማ ግጥም በሚሸከምበት አገር ነው። አዝማሪው ማሲንቆውን ሲያነሳ ሰው ሁሉ ጆሮውን የሚያቆመው ለስንኙ ነው፤ ሰሙን ገፎ ወርቁን ፍለጋ። ይህን ልማድ ይዘው ኦርኬስትራ ፊት ሲቀመጡ ችግር ይመጣል። ስንኝ የለም። ስለዚህ አድማጩ ወይ ከራሱ ይፈጥራል ወይ ከሌላ ይዋሳል።

ለአምስተኛው ሲምፎኒ አስቀድሞ የተዘጋጀ ወርቅ አለው፦ «ዕጣ ፈንታ በር ሲያንኳኳ» ይሉታል። ይህን ከራሱ ከቤትሆቨን አፍ ሰምቻለሁ ያለው ጸሐፊው የነበረው አንቶን ሺንድለር ነው። ሺንድለር ደግሞ ጆሮው የደነቆረው ጌታው ከሰው ጋር ይነጋገርባቸው በነበሩት ደብተሮች ላይ፣ ሰውየው ከሞተ በኋላ የራሱን ቃል ጨምሮ እንደጻፈ የተደረሰበት ሰው ነው። የቤትሆቨን ተማሪ ካርል ቼርኒ በበኩሉ የዜማው መነሻ የወፍ ድምፅ ነው ብሏል ይባላል። በር ነው ወይስ ወፍ? የትኛውንም ቢይዙ ጉዳቱ ያው ነው፤ ትርጉሙን አገኘሁ ብለው መስማትዎን ያቆማሉ።

ትርጉሙን ለጊዜው ትተው ቢያዳምጡ መጀመሪያ የሚያገኙት ዝምታ ነው። ኖታው የሚጀምረው በዕረፍት ነው። የመሪው እጅ ይወርዳል፤ ምቱ ባዶውን ያልፋል፤ ከዚያ ሦስቱ አጫጭር ድምፆች ተሽቀዳድመው ረጅሙ አራተኛ ላይ ይወድቃሉ። የሚጫወቱት ባለ አውታሮቹና ክላሪኔቶቹ ብቻ ናቸው። ያን ያህል ጉልበት ያለው ድምፅ ሲሰማ ትራምፔቱም፣ ቲምፓኒ የሚባሉት ትልልቅ ከበሮዎችም ገና ዝም ብለው ተቀምጠዋል። ከስር የሚደግፍ ሌላ ድምፅ የለም፣ ሁሉም ያንኑ አንድ ዜማ ይዘዋል። ዜማው አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ ሲደገም ደግሞ የሚያርፍበት ድምፅ ከመጀመሪያው ይረዝማል። ይህን መርዘም ልብ ያልኩት ስንት ጊዜ ሰምቼው ካለፍኩ በኋላ ነው። በር የሚያንኳኳ እንግዳ ፍለጋ ላይ ስለነበርኩ።

በቅጽል መጻፍ

ውብ፣ ጥልቅ፣ ግሩም፣ መንፈስን የሚያድስ። እነዚህ የእርስዎን ስሜት እንጂ ድምፁን አይናገሩም፤ ማንም ሰው ሳይሰማ ሊጽፋቸው ይችላል። የሚገርመው አማርኛ ድምፅን ለመናገር እንደተሰፋ ልብስ ልክክ የሚል ቋንቋ መሆኑ ነው። «አለ» የምትለዋን ግስ አስቡ፦ ጠብ አለ፣ ቀጥ አለ፣ ሹልክ አለ፣ ቦግ አለ፣ እልም አለ፣ ዝግ አለ፣ ፈንጠር አለ። ገበያ ውለን የመጣነውን ስንተርክ በእነዚህ እንራቀቅባቸዋለን። ስለ ኮንሰርት ስንጽፍ ግን ጥለናቸው፣ ልብሳችንን ቀይረን ወደ «አስደናቂ» እንሮጣለን።

ከሲምፎኒው አራት ክፍሎች፣ ከሦስተኛው ወደ አራተኛው የሚያሻግረውን ቦታ እንውሰድ። እኔ አሁን እንዲህ እጽፈዋለሁ፦ ዝቅተኞቹ አውታሮች አንድ ረጅም ድምፅ ይዘው ቀጥ አሉ። ከኋላ ቲምፓኒው፣ ለመስማት አንገት እስኪያሰግግ ድረስ ዝግ ብሎ፣ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። ቫዮሊኖቹ ከታች ተነስተው ቁራጭ ዜማ እያነሱ ወደ ላይ ተሳቡ፣ ቆም አሉ፣ እንደገና ተሳቡ። አዳራሹ ውስጥ የሳለ ሰው የለም። በመጨረሻ ድምፁ በጥቂት ምቶች ውስጥ አበጠና፣ ነሐሶቹ (ትራምፔቱ፣ ትሮምቦኑና መሰሎቻቸው) በሙሉ ተነስተው ቦግ አለ።

አንድም ቅጽል አላሞገስኩበትም። ቦታው ግን ይገኛል፤ ሌላ ሰው ያንኑ ሲምፎኒ ሲሰማ «እዚህ ጋ ነው» ሊል ይችላል።

ስለዚህች መሸጋገሪያ አንድ የሚያሳፍረኝ ነገር አለ። ፕሮግራሙ አራት ክፍሎች ይላል። እኔ ክፍሎቹን የምቆጥረው በመካከላቸው ባለው ዝምታ ነበር። ሦስተኛውና አራተኛው በመካከላቸው እንደማይቆም ስላላወቅኩ ሦስት ቆጠርኩ፤ አንዱን አስቀርተውብናል ብዬም አብሮኝ ቆሞ ለነበረ ጓደኛዬ በቁም ነገር ነገርኩት። እስከ ዛሬ ያነሳብኛል።

የፕሮግራሙን መጽሔት ገልብጦ የሰሙትን አስመስሎ ማቅረብ

ሲምፎኒው ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰማው እዚያው ቪየና፣ በቴአተር አን ዴር ቪን፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ታኅሣሥ 22 ቀን 1808 ነው። አዳራሹ ይበርድ ነበር፤ ዝግጅቱ አራት ሰዓት ያህል ወሰደ፤ በመጨረሻ በቀረበው ሥራ ላይ ተጫዋቾቹ ተዛንፈው ቆመው እንደገና ጀምረዋል። በዚያ ምሽት ዛሬ አምስተኛ የምንለው ስድስተኛ፣ ስድስተኛ የምንለው አምስተኛ ተብሎ ነበር የተጻፈው። ደስ የሚል ወሬ ነው፤ እኔም እዚህ ከማውራት አልተቆጠብኩም። ነገር ግን በ1808 አዳራሹ ውስጥ እርስዎ አልነበሩም። ከጽሑፍዎ ሁለት ሦስተኛው ይህ ከሆነ፣ ትናንት ማታ የሰሙት የት ገባ?

ዜማውን ብቻ መከተል

ይህ ከሁሉም የሚከብደው ስህተት ይመስለኛል፤ ስህተት የማይመስልም እሱ ነው። ጆሯችን ዘፋኙን መከተል ስለለመደ ኦርኬስትራ ውስጥም ዘፋኝ ይፈልጋል፤ አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያዎቹን ቫዮሊኖች ያገኛል፤ ከዚያ እነሱን ተከትሎ ሲሄድ ያመሻል። ሌላው ሁሉ አጃቢ ይሆንበታል።

መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ዓይን ነው። በአንድ ክፍል ውስጥ አንድ ተጫዋች ይምረጡና እሱን ብቻ ይመልከቱ። ከባለ አውታሮቹ ትልልቆቹን፣ ኮንትራባሶቹን ያየ ሰው፣ ቀስታቸውን አስቀምጠው አውታሩን በጣት ሲነቅሉ ከላይ ያለው ዜማ እንዴት እንደሚቀልለው ይሰማል። ሁለተኛ ቫዮሊኖቹን ያየ፣ የመጀመሪያዎቹ በረጅሙ ሲዘምሩ እነዚህ ከስር እጃቸው እስኪዝል ምን ያህል እንደሚፍጨረጨሩ ያያል።

በአምስተኛው ሲምፎኒ እኔ የማልረሳቸው ሦስቱን የትሮምቦን ተጫዋቾች ነው። ገብተው ይቀመጣሉ። የመጀመሪያው ክፍል ያልፋል፣ ሁለተኛው ያልፋል፣ ሦስተኛው ያልፋል፤ ከ20 ደቂቃ በላይ መሣሪያቸውን ታቅፈው አንድ ድምፅ አያወጡም። አንደኛው ጉልበቱ ላይ የተኛውን ቱቦ በጨርቅ ሲያብስ አይቻለሁ። ቲምፓኒው ጠብ ጠብ ማለት ሲጀምር ሦስቱም ቀስ ብለው መሣሪያውን ወደ ከንፈራቸው አነሱ። አራተኛው ክፍል ቦግ የሚለው በእነሱ ነው። ሕንፃው የሰፋ የሚመስለው አዲስ ሰው ስለገባበት ነው፤ ከእነሱ ጋር ከላይ ፒኮሎ የምትባለው ትንሿ ፍሉት፣ ከታች «ኮንትራባሱን» የሚባለው ድምፀ ወፍራም የእስትንፋስ መሣሪያ (ባለ አውታሩ ኮንትራባስ አይደለም)፣ ሁለቱም እስከዚያች ቅጽበት ዝም ብለው የቆዩ። ይህን በዓይኔ ባላይ ኖሮ «ድምፁ ጨመረ» ብዬ እጽፍ ነበር። ድምፁ የጨመረው ግን አምስት ሰዎች ሥራ ስለጀመሩ ነው።

ሌላም አለ። በመጀመሪያው ክፍል፣ መነሻው ዜማ ተመልሶ ሲመጣ፣ ያ ሁሉ ግርግር ድንገት ቀጥ ይልና አንድ ኦቦ (ከእንጨት የተሠራ የእስትንፋስ መሣሪያ ነው) ብቻውን ይቀራል። ጥቂት ድምፆች ናቸው፣ ዝግ ብለው፣ ምት የሌላቸው ያህል። ከዚያ ሩጫው እንዳልተቋረጠ ይቀጥላል። ቫዮሊን የሚከተል ጆሮ ይህን እንደ ዕረፍት ቆጥሮ ያልፈዋል።

የቪየና ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራን ለሰማ ደግሞ ኦቦው ራሱ ሌላ ነው፤ በቪየና የሚነፋው ዓይነት ሌላው ዓለም ከሚጠቀምበት በቅርፁም በድምፁም ይለያል። ቲምፓኒዎቻቸው ላይ የሚወጠረውም የፍየል ቆዳ ነው፤ በብዙ ኦርኬስትራዎች የሚወጠረው ፕላስቲክ ነው። ይህን አስቀድሞ ማንም ባይነግረኝም፣ ከበሮ የለመደ ጆሮ ቆዳ ሲመታ ያውቃል።

የራሳችንን ቅኝት በግድ ማልበስ

«ይሄማ ትዝታ ነው!» አንዳንዴ እውነት ነው፣ ብዙውን ጊዜ አይደለም። ያዘነ ዜማ ሁሉ ትዝታ አይሆንም። ቅኝቶቻችን አምስት ድምፅ ናቸው፤ ቤትሆቨን የሚሠራው በሰባት ነው፣ መነሻውንም በየመንገዱ እየቀየረ ይሄዳል።

እውነት ከሆነባቸው ቦታዎች አንዱ የቼኩ አቀናባሪ የድቮርዣክ ዘጠነኛ ሲምፎኒ ነው፤ በ1893 በኒውዮርክ ካርኔጊ አዳራሽ የቀረበው። በሁለተኛው ክፍል ከኦቦ የሚረዝመው፣ ድምፁም የሚወፍረው ኢንግሊሽ ሆርን ብቻውን አንድ ዜማ ያነሳል። የዜማው መነሻ ሐረግ የሚመላለስባቸው ድምፆች ሁሉ ከትዝታ ሜጀር ድምፆች ውስጥ ናቸው። የአበሻ ጆሮ እዚያ ላይ ቢሞቀው አይገርምም። ታዲያ ንጽጽሩን ያድርጉ፣ ግን እዚያው አይተኙበት፦ ዜማው ከመጀመሩ በፊት ነሐሶቹና ዝቅተኞቹ እስትንፋስ መሣሪያዎች ሰባት ዝግ ያሉ ኮርዶችን (አንድ ላይ የሚሰሙ ድምፆችን) እየደረደሩ ከአንድ ቤት ወደ ሌላ ሩቅ ቤት ይወስዱናል። ያ በትዝታ ውስጥ የለም። ዜማው እንደ ቤታችን የሚሰማን ከዚያ ጉዞ ስለምንደርስበትም ጭምር ነው።

«ፈጣን ነበር»

ከምን? ቤትሆቨን ለመጀመሪያው ክፍል ያስቀመጠው የፍጥነት ቁጥር በደቂቃ 108 ምት ነው፣ በየባሩ (ኖታው በቋሚ መስመር በሚከፈልበት በእያንዳንዱ ክፋይ) አንድ ምት። በዚህ የሄደ ኦርኬስትራ ክፍሉን በ7 ደቂቃ ገደማ ይጨርሰዋል፤ ከ8 ደቂቃ የሚያልፉ መሪዎችም አሉ። ሰዓት ማየት ነውር አይደለም። ከሰዓቱ ይልቅ የሚጠቅመው ግን የት ላይ እንደዘገዩና እንደፈጠኑ መያዝ ነው፦ ረጅሞቹ ድምፆች ላይ ምን ያህል ቆዩ? ኦቦውን ጠበቁት ወይስ አጣደፉት?

የመሪውን እጅ ብቻ አይቶ ስለ ድምፁ መፍረድም ከዚህ አይርቅም። ላቡ ያንጠፈጠፈ ሁሉ አላጫወተም። የቪየና ፊልሃርሞኒክ ከ1933 ጀምሮ ቋሚ መሪ የለውም፤ ያንኑ ሰው ስብስብ በተለያየ እጅ ስር ደጋግሞ የሰማ፣ የመሪው ድርሻ የቱ፣ የተጫዋቾቹ የቱ እንደሆነ ቀስ በቀስ ይለያል።

ስለ ጭብጨባ ብዙ መጻፍ

በክፍሎች መካከል ያጨበጨበውን ሰው ማሳጣት የጽሑፍ ቁም ነገር አይደለም። በ1813 የቤትሆቨን ሰባተኛ ሲምፎኒ ሲቀርብ ሕዝቡ ሁለተኛውን ክፍል ድገሙልን ብሎ አስደግሟል። አንድ መስመር ይበቃዋል።

እየሰሙ መጻፍ

እርሳስ እንጂ ስልክ አይያዙ። ሙዚቃው ሲቆም ብቻ ሁለት ሦስት ቃል፦ «ትሮምቦን - ጨርቅ»፣ «ኦቦ ብቻውን»። የቀረው ቤት ሲገቡ ይመጣል።

መሰልቸትን መደበቅ

አንድም ቦታ ጆሮዬ አልባከነም ብሎ የሚጽፍ ሰው አያሳምነኝም። ቆሞ የሚሰማ ደግሞ እግር አለው። በሁለተኛው ክፍል ቪዮላና ቼሎዎቹ ዜማውን ሲያነሱ በደንብ ይዤዋለሁ፤ በጣት የሚነቀለው ኮንትራባስ ከስር ይራመዳል። ከዚያ ጫማዬን አሰብኩ። ከፊቴ የቆመችውን ሴት ካፖርት ቁልፎች ቆጠርኩ፤ አምስት ናቸው፣ አንዱ ሌላ ቀለም ነው። ስመለስ ትራምፔቶቹ ተነስተዋል፤ ከየት እንደመጡ አላውቅም። ማስታወሻዬ ላይ እንዲሁ ጻፍኩት፦ «እዚህ ጠፋሁ። ትራምፔት መለሰኝ።» በሚቀጥለው ጊዜ ያንን ክፍል ስሰማ የት ላይ መንቃት እንዳለብኝ የማውቀው በዚህች መስመር ነው።